የድሮ የሻይ ካዲና የካዲ ማንኪያ የምትሰበስቡ፣ ማህተሙን ብቻ አይታችሁ እንዳትገዙ

የማንኪያ_ወዳጅ (በርሚንግሃም)

ሰላም ቤተሰብ፣ ሌላ ክር ላይ ስለ እንግሊዞች የድሮ የሻይ ካዲ ትንሽ ጫር አድርጌ ብዙ ሰው በውስጥ ስለጠየቀኝ እዚህ ዘርዘር ላርገው ብዬ ነው። ለማያውቀው ካዲ ማለት ሻይ ቅጠል የሚቀመጥበት ቁልፍ ያለው ትንሽ ሳጥን ነው፣ የካዲ ማንኪያ ደግሞ ከሳጥኑ ቅጠሉን ዘግኖ በራድ ውስጥ የሚጨምረው እጀታው አጭር የሆነ የብር ማንኪያ። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

ሻይ ለምን ይቆለፍበታል የሚል ሰው አለ፣ መልሱ ዋጋው ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሻይ ለእንግሊዝ የሚመጣው ከቻይና ነበር፣ በዛ ላይ መንግሥት የጫነበት ቀረጥ ከዕቃው ዋጋ በላይ ሄዶ 119 በመቶ ደርሶ ነበር፣ ስለዚህ ኮንትሮባንዱ አገሩን አጥለቀለቀው፣ የቤቱ እመቤትም ቁልፉን ከራሷ አታርቀውም ነበር። በ1784 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዊሊያም ፒት ቀረጡን በአንድ ጊዜ ወደ 12.5 በመቶ አወረደው፣ የሻይ ነጋዴዎቹ መሪ ሪቻርድ ትዋይኒንግም ምክር ሰጥቶበታል (አዎ ዛሬም ሱቅ ላይ የምናየው ትዋይኒንግስ ቤተሰብ ነው)። ከዛ በኋላ ሻይ መካከለኛ ኑሮ ወዳለው ቤት ሁሉ ገባ፣ ሳጥን ሠሪውም ማንኪያ ሠሪውም ገበያው ደራለት። እኛ የምንሰበስበው አብዛኛው ዕቃ የዛ ዘመን ልጅ ነው። የሚገርመው በዛው ዓመት በዲሴምበር ወር መንግሥት ብር ላይ ግብር ጣለ፣ ግብሩ መከፈሉን የሚያሳይ የንጉሡ የራስ ምስልም ብሩ ላይ በሚመቱት ማህተሞች ላይ ተጨመረ፣ እስከ 1890 ድረስ ቆይቷል። ስለዚህ የንጉሥ ወይ የንግሥት ራስ ያለበት ማንኪያ ካያችሁ አብዛኛውን ጊዜ በ1784 እና በ1890 መሃል ነው ማለት ነው።

ማንኪያው ራሱ የመጣው ሳጥኑ ስለተለወጠ ነው። መጀመሪያ ላይ የብር የሻይ ቆርቆሮዎች ከላይ ጉልላት የመሰለ ትንሽ ክዳን ነበራቸው፣ ቅጠሉ የሚለካው በዛ ክዳን ነበር። በኋላ ክዳኑ በማጠፊያ ተይዞ ሙሉውን የሚከፈት ሳጥን ሲመጣ መለኪያው ጠፋ፣ በምትኩ ሳጥኑ ውስጥ ሊተኛ የሚችል አጭር ማንኪያ ተሠራ። እጀታው አጭር የሆነው ክዳኑ እንዲዘጋ ነው እንጂ ለማማር አይደለም።

የማንኪያዋ እናት ከተማ የኔዋ በርሚንግሃም ናት ብል ማንም አይከራከረኝም። እስከ 1773 እዚህ ብር የሚፈትሽና ማህተም የሚመታ መሥሪያ ቤት አልነበረም፣ ሠሪው ዕቃውን እስከ ቼስተር ወይ ለንደን መላክ ነበረበት። የከተማዋ ባለፋብሪካ ማቲው ቦልተን ፓርላማውን ተሟግቶ ይህን መሥሪያ ቤት፣ አሴይ ኦፊሱን፣ ለከተማዋ አስገኘላት፣ ምልክቷም መልሕቅ ሆነች፣ ባሕር በሌለበት ከተማ መልሕቅ። ከዛ ጆሴፍ ቴይለር፣ ሳሙኤል ፔምበርተን፣ ማቲው ሊንዉድ፣ ኮክስና ቤትሪጅ፣ ጆሴፍ ዊልሞር የሚባሉት ቀጭን ብር በማተሚያ እየመቱ ቅጠል፣ ዛጎል፣ አካፋ፣ የሰው እጅ፣ የንስር ክንፍ፣ የፈረስ ጋላቢ ኮፍያ ሳይቀር አወጡ።

አንዷን ላሳያችሁ፣ ፎቶውን ከታች አድርጌዋለሁ። የወይን ቅጠል ናት፣ እጀታዋ የተጠማዘዘ የሐረግ ክር ነው። ማህተሞቿ መልሕቅ፣ የሚራመድ አንበሳ (የብሩን ጥራት የሚያሳየው)፣ የጆርጅ ሦስተኛው ራስ፣ የዓመቱ ፊደል ትንሹ ‘ኤል’ ማለትም 1809፣ እና የሠሪው የጆሴፍ ቴይለር ‘ጄ’ እና ‘ቲ’። ግን እኔን ያሳመነኝ ማህተሙ አይደለም። ስትገለበጥ የቅጠሉ ጅማቶች ከፊት የጎደጎዱበት ቦታ ሁሉ ከኋላ አብጠው ይታያሉ፣ ከአንድ ቀጭን ብር በማተሚያ ስለወጣች። ጫፏ ደግሞ ለዓመታት የሳጥን ወለል ስትፍቅ ኖራ ሳስቷል፣ ብርሃን ላይ ስታዞሩት የጅማቱ ስለት እዛ ጋ ጠፍቶ ለስልሷል። የታተመበት መንገድና የለፋበት ቦታ ከሥራው ጋር ከገጠመ ያኔ ማህተሙን አንብቡ። ብዙ ሰው የሚበላው ተቃራኒውን ስለሚያደርግ ነው፣ መልሕቅና አንበሳ ሲያይ ልቡ ይቀልጥና ሌላውን አያይም።

አንኮበር77

እህቴ በጣም ደስ የሚል ጽሑፍ ነው አመሰግናለሁ፣ ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ማህተሙ እውነተኛ ከሆነ ምን ችግር አለው? ብሩ ብር ነው ዓመቱም ተጽፏል። ኦንላይን ጨረታ ላይ አንድ የምከታተለው አለ፣ “የጆርጂያን ካዲ ማንኪያ ለንደን” (የጆርጅ ነገሥታት ዘመን ማለቱ ነው) ብሎ ነው ያወጣው፣ ማህተሞቹ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። እስከ ነገ ማታ ነው ጨረታው

ብር_አንጥረኛ

@አንኮበር77 ወንድሜ ቆይ እስቲ ከመጫረትህ በፊት። እኔ ብር ጥገና ላይ ነው የምሠራው እና ይሄ ጥያቄ በየጊዜው ጠረጴዛዬ ላይ ይመጣል። ማህተሙ እውነተኛ ሆኖ ዕቃው ውሸት ሊሆን ይችላል፣ ይሄ ነው አስቸጋሪው። የዛ ዘመን የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም ተራው ስኳር የሚያማስለው፣ በየገበያው ሞልቷል ዋጋውም ርካሽ ነው፣ የካዲ ማንኪያ ግን እጥፍ ድርብ ያወጣል። ስለዚህ አንዱ ይነሳና የሻይ ማንኪያውን እጀታ ያሳጥረዋል፣ አፉን በመዶሻ አስፍቶ ዛጎል ያስመስለዋል፣ በቃ ማህተሙ የ1790ዎቹ የለንደን ሆኖ ቁጭ ይላል። ማህተሙን ማንም አልነካውም እኮ!

እንዴት ትለየዋለህ፣ መጀመሪያ ውፍረቱን እይ። የሻይ ማንኪያ እጀታ ረጅም ስለሆነ እንዳይታጠፍ አንገቱ ጋ ወፍራም ነው፣ ሲያሳጥሩት ለቁመቱ የማይመጥን ደንዳና አንገት ይቀራል። አፉ ደግሞ ያ ሁሉ ብር ሲዘረጋ ጠርዙ ላይ ይሳሳል፣ መሃሉና ጠርዙ አይመጣጠንም። ማህተሙን በሉፕ፣ ማለትም በትንሿ ማጉያ መነጽር፣ ስታየው አንዱ ከሌላው የተለጠጠ ወይ የተጨፈለቀ ከሆነ ከተመታ በኋላ መዶሻ አርፎበታል ማለት ነው። ደግሞ ከ1780 ገደማ በፊት የተሠራ የሻይ ማንኪያ ማህተሙ ወደ አፉ ተጠግቶ ነው የሚመታው፣ ከዛ ወዲህ ወደ እጀታው ጫፍ ወጣ ይላል፣ ስለዚህ አጭር እጀታ ላይ ማህተሙ ጫፉ ጋ ተጨናንቆ ካየኸው ወይ መሃሉ ላይ ተቆርጦ የተቀጠለ ከመሰለህ ጠይቅ።

ቅጥያ ለማየት ምንም መሣሪያ አያስፈልግህም፣ ትንፋሽህን በደንብ እፍ በልበት። ብሩ በጉም ይሸፈናል፣ ጉሙ ሲለቅ ብየዳ ያለበት መስመር ከሌላው ተለይቶ ለአፍታ ይታያል፣ የተፋቀ ስም ወይ አርማ ቢኖርም እንደዛው። ይህን ዕቃው እጅህ ላይ ሲሆን ብቻ ነው የምትችለው፣ በፎቶ አይሆንም። የበርሚንግሃም ማንኪያዎች ላይ ግን እጀታው ከአፉ ጋር መበየዱ ብቻውን አያስደነግጥህ፣ ብዙዎቹ ከመጀመሪያውም እንደዛ ነው የተሠሩት፣ የምትፈልገው የማይጠበቅ ቦታ ላይ ያለ መስመር ነው።

ሕጉንም እወቀው፣ ማህተም ያለበትን የብር ዕቃ ያለ አሴይ ኦፊስ ፈቃድ መለወጥ እንግሊዝ ውስጥ በ1973ቱ የሆልማርክ ሕግ ወንጀል ነው። ለንደን ያለው የወርቅ አንጥረኞች ማኅበር የተጠረጠረ አሮጌ ብር የሚመረምር ኮሚቴ አለው።

አንኮበር77

ኧረ በስማም። ሻጩን የጀርባውን ፎቶ ላክልኝ ብዬዋለሁ፣ ሲልክ እዚህ እለጥፋለሁ እያያችሁ ፍረዱልኝ

እሌኒ_ቨርጂኒያ

ሰላም ለሁላችሁ፣ እኔ የምኖረው አሜሪካ ነው እና ማንኪያውን ሳይሆን ሳጥኑን ነው የወደድኩት። ለንደን ያለ አንድ ሻጭ ጋ በኤሊ ቅርፊት የተለበጠ፣ ቁልፍ ቀዳዳው ዙሪያ ትንሽዬ የዝሆን ጥርስ ያለበት አየሁ፣ እንደው በጣም ነው የሚያምረው ሌሊት እንኳን ትዝ ይለኛል። ሻጩ እልክልሻለሁ ችግር የለውም ብሏል። ልግዛ?

አባ_ሳጥን (ለንደን)

ልጄ እሌኒ፣ እባክሽ እንዳትገዢ፣ ሻጩ ችግር የለም ያለው ገንዘቡ እሱ ጋ ስለሚቀር ነው። አሜሪካ የአፍሪካ ዝሆን ጥርስ ለንግድ ማስገባት ክልክል ነው፣ ቁራጩ የጥፍርሽን ያህል ብትሆንም ጥርስ ናት። የኤሊው ቅርፊት ደግሞ ሃውክስቢል ከሚባለው የባሕር ኤሊ ነው የሚወጣው፣ እሱም በዓለም አቀፍ ስምምነት የተጠበቀ ስለሆነ ድንበር ለማሻገር የሳይተስ (የዚሁ ስምምነት) ፈቃድ፣ ዕድሜውንም በወረቀት ማስረዳት ይጠይቃል። ጉምሩክ ከያዘው ዕቃውም ገንዘቡም የለም። እዛው አሜሪካ ውስጥ ከማሆጋኒ እንጨት የተሠራ ፈልጊ፣ እሱ ምንም ጣጣ የለበትም።

እዚህ እንግሊዝ ላላችሁም ልናገር፣ ከጁን 6 ቀን 2022 ጀምሮ የዝሆን ጥርስ ሕጉ ሥራ ላይ ውሏል። በቤትህ ማስቀመጥ፣ ማውረስ፣ ለልጅ መስጠት ትችላለህ፣ ለመሸጥ ግን ዕቃው ከ1947 በፊት የተሠራ ሆኖ ጥርሱ ከጠቅላላ ይዘቱ ከ10 በመቶ በታች መሆን አለበት፣ ከመሸጥህም በፊት መመዝገብ አለብህ። የካዲ ቁልፍ ቀዳዳ ላይ ያለችው አልማዝ መሳይ ቁራጭ ከ10 በመቶ በታች መሆኗ ግልጽ ነው፣ ምዝገባው ግን አይቀርም። ስለዚህ ያልተመዘገበ አትግዙ፣ የምዝገባ ቁጥሩን ጠይቁ።

ብዙ ጊዜ ግን ያቺ ቁራጭ አጥንት ሆና ትገኛለች፣ አጥንት ከሆነች ሕጉ አይመለከታትም። በማጉያ ስታዩ አጥንት ላይ ጥቃቅን ጥቁር ነጥብና ሰረዝ ይታያል፣ ደም ሥሩ ያለፈበት ቀዳዳ ነው። የዝሆን ጥርስ ነጥብ የለውም፣ በተቆረጠበት በኩል እርስ በርስ የተጠላለፉ ቅስት መስመሮች አሉት። አንዳንዱ የጋለ መርፌ ወጋ አርገው ይላል፣ እንዲህ ያለውን ምክር አትስሙ፣ ዕቃ ታበላሻላችሁ።

ስለ እንጨቱ ደግሞ። ከ1780 እስከ 1800 ገደማ ያሉት ቀጥ ያሉ አራት ማዕዘን፣ ሞላላ ወይ ስምንት ማዕዘን ናቸው፣ ከ1810 በኋላ ወደ ታች እየጠበበ የሚሄደው የሬሳ ሣጥን ቅርጽ ያለው፣ ከሥር ኳስ እግር የተተከለለት ይበዛል፣ በሮዝውድ የተለበጠው። ሁሉም ሰው የሚመኘው ግን የፍሬ ቅርጽ ያለው ነው፣ ፖም፣ ፒር፣ ሐብሐብ መሳይ፣ ከፍራፍሬ ዛፍ እንጨት እያሽከረከረ በሚጠርብ መኪና የሚወጣው። እዚህ ላይ ነው ተጠንቀቁ የምለው፣ ገበያው ውስጥ ካለው ብዙው አዲስ ሥራ ነው። እኔ ሁልጊዜ ሜትር ይዤ ነው የምሄደው። እንጨት በዘመን ብዛት ሲደርቅ በክሩ አግድም ይኮማተራል በቁመቱ ግን አይኮማተርም፣ ስለዚህ ድሮ ክብ ሆኖ የወጣ ፒር ዛሬ በአንድ በኩል ከሌላው ጥቂት ሚሊሜትር ይጠባል። ሁለቱም በኩል እኩል ክብ ከሆነ 200 ዓመት ያለው አይመስለኝም። ክፈቱና ውስጡን ደግሞ እዩ፣ የእርሳስና የቆርቆሮ ቅይጥ ወረቀት የመሰለ ልባስ ተቀዳዶም ቢሆን ትራፊው ይገኛል። ባይ ዘ ዌይ ልባሱ እርሳስ ስላለበት እዛ ውስጥ የምትጠጡትን ሻይ እንዳታስቀምጡ፣ በተለይ ልጆች ያላችሁ።

ሰላም_ሊድስ

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው አላገኘሁም ነበር። እኔ ጋ ሁለት የቅጠል ማስቀመጫና መሃሉ ላይ የብርጭቆ ሳህን ያለበት ትልቅ ካዲ አለ፣ ቁልፉ ግን የለም። ሳህኑ ጥቁሩንና አረንጓዴውን ሻይ ማደባለቂያ ነው ብለው ነው የሸጡልኝ፣ እውነት ነው? ቁልፉንስ ማሠራት ይቻላል ወይ?

እኔ በልጅነቴ እናቴ ስኳርና ሻይ ቅጠል ቡፌ ውስጥ ቆልፋ ቁልፉን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ትቋጥረው ነበር፣ ይሄን ካዲ ሳይ እሷን ነው የማየው፣ ለዛ ነው የገዛሁትም።

የማንኪያ_ወዳጅ

@ሰላም_ሊድስ የእናትሽ ነገር ሆዴን ነው የነካው የኔ እህት። ሳህኑን በተመለከተ የማደባለቂያ ወሬው በየሱቁ ይነገራል፣ እኔ ግን የስኳር ነው ባይ ነኝ። ምክንያቴ ከካዲው በፊት የነበሩት የብር ዕቃዎች ናቸው፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሦስት ሆነው በአንድ ሳጥን ይሸጡ ነበር፣ ሁለቱ ለሻይ፣ ትልቁ ለስኳር። ስኳርም ያኔ ውድ ስለነበር አብሮ መቆለፉ ስሜት ይሰጣል። የብርጭቆ ሳህኑ የዛን ቦታ ነው የያዘው። ደግሞ ብርጭቆው ብዙ ጊዜ ተሰብሮ የተተካ ስለሆነ በቀዳዳው ልክ መግባቱን እይ፣ የሚንገዋለል ከሆነ የሌላ ካዲ ነው።

ቁልፍ የጠፋበት ካዲ አያስጨንቅሽ፣ አብዛኛው እንደዛ ነው። ቁልፍ ሠሪ አዲስ ይቀርጽልሻል። ቁልፉን ብለው ግን መዝጊያውን ነቅለው በአዲስ እንዲተኩት አትፍቀጂ! የድሮው መዝጊያ እዛው ከነዝገቱ መቆየቱ ከቁልፉ በላይ ዋጋ አለው፣ ብሎኖቹ ተነካክተው እንደሆነም ገዢ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

ብር_አንጥረኛ

ቁልፉን ካነሳችሁ ጥገናውንም ልጨምር። ልባስ እንጨቱ የተነሳ እንደሆነ በሱፐር ግሉ እንዳትለጥፉት፣ ድሮ የተጣበቀው ከእንስሳት ቆዳና አጥንት በሚሠራ ሙጫ ነው፣ እሱ በሙቀትና በእርጥበት ይፈታል፣ ሱፐር ግሉ ግን የሚቀጥለው ጠጋኝ እንዳይፈታው ያደርገዋል። ሳጥኑን ከራዲያተር አጠገብና ፀሐይ ከሚመታው መስኮት አርቁ፣ ልባሱን የሚያነሳው አንዱ እሱ ነው። ማንኪያውን ደግሞ ብር ማጥሪያ ፈሳሽ ውስጥ አትንከሩ፣ የተቀረጸው ጌጥ ውስጥ የገባው ጥቁር ጥላ አብሮ ይሄዳል፣ ከሄደ ደግሞ ጌጡ ሞተ። በለስላሳ ጨርቅ አልፎ አልፎ በቂ ነው፣ ማህተሙ ላይ አትሹ።

እሌኒ_ቨርጂኒያ

ጋሼ ምክርዎን ሰምቼ ተውኩት፣ ሻጩንም ይቅርታ ብዬዋለሁ። የማሆጋኒውን ነገር እዚሁ አካባቢ እፈልጋለሁ። እንግሊዝ ስመጣ ግን ከየት ልጀምር? ሙዚየምም ቢሆን

አባ_ሳጥን (ለንደን)

እንኳን ተውሽው ልጄ። ስትመጪ ከመግዛትሽ በፊት ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ግቢ፣ መግቢያው ነፃ ነው፣ ትክክለኛውን ካየሽ በኋላ ዓይንሽ ይለምዳል። ከዛ ቅዳሜ ቅዳሜ ፖርቶቤሎ መንገድ፣ አርብ ጠዋት በማለዳ በርሞንድሲ። መኪና ያለው ዘመድ ካለሽ የኒዋርክ ትልቁ የአሮጌ ዕቃ ባዛር አለ፣ እዛ ሜዳው ሰፊ ስለሆነ ጫማ አስቢበት። ማንኪያ ለጀማሪ ተራ የበርሚንግሃም አካፋ ወይ ቅጠል ይሻላል፣ የጋላቢ ኮፍያውን አሁን አትመልከቺው፣ ዋጋውም ከፍ ያለ ነው የተመሰለውም ብዙ ነው።

አንኮበር77

ቤተሰብ ሻጩ የጀርባውን ፎቶ ላከ፣ ይኸው ከታች። እኔ እንዳየሁት ማህተሞቹ አምስት ናቸው፣ የነብር ራስ (የለንደን ምልክት)፣ አንበሳ፣ የንጉሥ ራስ፣ የዓመቱ ፊደል፣ የሠሪው ስም። አንበሳው ግን ከሌሎቹ ሰፋ ብሎ ጎኑ የተለጠጠ ይመስለኛል፣ እጀታው ደግሞ ወፍራም ነው ጫፉ ላይ ቅርጽ የለውም ዝም ብሎ ነው የተቆረጠው። እናንተስ?

ብር_አንጥረኛ

አየሁት። ዓይንህ ልክ ነው፣ አንበሳውም የንጉሡም ራስ ወደ አፉ አቅጣጫ ተስበዋል፣ መዶሻ የመጣው ከዛ በኩል ነው። የእጀታው ጫፍም በፋይል የተሞረደ ነው፣ በዛ ዘመን የለንደን ሠሪ እንዲህ ጥሎት አይወጣም። አፉ ላይ ያለው የዛጎል መስመርም በመሃሉ ጠልቆ ጠርዙ ላይ ይሞታል፣ በማተሚያ ቢወጣ እኩል ነበር የሚሆነው። የሻይ ማንኪያ ነበር። ተወው።

የማንኪያ_ወዳጅ

እኔም ከሱ ጋ ነኝ፣ ተወው አንኮበር። ለሻጩ ግን በትህትና ንገረው፣ ምናልባት እሱም ሳያውቅ ገዝቶት ይሆናል፣ ጨረታ ቤቱም ካወቀ ማውረድ አለበት። በጀትህን በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ ቅዳሜ ገበያ ስወጣ የሳሙኤል ፔምበርተን ትንሽ አካፋ ካገኘሁ የፊቱንም የጀርባውንም ፎቶ እልክልሃለሁ፣ እፍ ብዬም አየዋለሁ

አንኮበር77

ጻፍኩልሽ እህቴ። ጨረታውንም ለቀቅኩት፣ ለሻጩም መልእክት ልኬያለሁ